የፀሐይ ነፋስና የፕላኔቶች መግነጢሳዊ ጋሻ

ኮሮና ተብሎ ከሚጠራው የፀሐይ ውጫዊ ክፍል ያለማቋረጥ የሚወጣ የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጅረት አለ፤ የፀሐይ ነፋስ ይባላል። ስሙ ነፋስ ይሁን እንጂ እኛ ከምናውቀው ነፋስ ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። በመሬት አቅራቢያ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሲሆን፣ እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሳ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚገኙት ቅንጣቶች ጥቂት ብቻ ናቸው።

ይህን ነፋስ በንድፈ ሐሳብ ያስረዳው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዩጂን ፓርከር ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1958 ነበር። ጽሑፉን የገመገሙት ምሁራን አልተቀበሉትም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ወደ ቬኑስ የተጓዘችው ማሪነር 2 መንኮራኩር ነፋሱን ለክታ አረጋገጠችለት።

መሬት ከዚህ ጅረት የምትከለለው በውጫዊ እምብርቷ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የቀለጠ ብረት በሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ነው። ቅንጣቶቹ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላላቸው መስኩን በቀላሉ ማቋረጥ አይችሉም፤ የወንዝ ውኃ ቋጥኝን ዞሮ እንደሚያልፍ ግራና ቀኝ ይፈስሳሉ። መስኩ በፀሐይ በኩል ተጨፍልቆ 65 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያበቃ፣ በስተጀርባው ግን ከጨረቃ ምሕዋር አልፎ እንደ ጅራት ይረዝማል።

ጋሻው ፍጹም አይደለም። ነፋሱ ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ባመለከተ ጊዜ ከመሬት መስክ ጋር ተቃራኒ ስለሚሆን፣ ሁለቱ መስኮች ተቆራርጠው እንደገና ይቀጣጠላሉ፤ ኃይልም ወደ ውስጥ ይገባል። የዋልታ ብርሃናት የሚደምቁት፣ ማዕበሉ ሲበረታም የኤሌክትሪክ መስመሮች የሚታወኩት በዚህ ምክንያት ነው። በመጋቢት 1989 በካናዳዋ ኩቤክ 6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለዘጠኝ ሰዓታት ያለ መብራት ቀርተዋል።

ማርስ ዓለም አቀፍ መስኳን ያጣችው ከ4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ2014 እሷን መዞር የጀመረችው ሜቨን መንኮራኩር፣ የፀሐይ ነፋስ በየሰከንዱ 100 ግራም ያህል ጋዝ ከከባቢ አየሯ እየነጠቀ እንደሚሄድ ለክታለች። ይህ ኢምንት ይመስላል፤ በቢሊዮን ዓመታት ሲሰላ ግን አይናቅም። ይሁንና መስክ የሌላት ቬኑስ ከመሬት እጅግ የሚበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ከባቢ አየር ስላላት፣ ጉዳዩን በመግነጢስ ብቻ መተንተን ያስቸግራል። የስበት ኃይልም ድርሻ አለው።

ኢትዮጵያ ከዋልታዎቹ ብትርቅም ከዚህ ሂደት ውጭ አይደለችም። የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በላይዋ ያልፋል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎም በቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። በወገቡ አካባቢ ያለው የላይኛው ከባቢ አየር ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሲታወክ የጂፒኤስ ምልክቶች ይዋዥቃሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ የመስኩን ለውጥ ሲመዘግብ ቆይቷል።