ዳጉ እና አስታማሚው

በ1990 ጦርነቱ እስኪነሳ ድረስ በዲቾቶ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች አሰብ ይወርዱ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። ዳጉ ግን አልተቀየረም። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም፤ ወሬ ይጠያየቃሉ። ማን አየ? የት? መቼ? ያዩትን ከሰሙት ለይቶ መንገር ግዴታ ነው፤ የዋሸ ይቀጣል። (ስንቱ ሶፍትዌር ይሄን አያውቅም!)

አሁን ይሄን ሰው አስታማሚ አድርጋችሁ አስቡት። ወንድሙ ሪፈር ተጽፎለት ዱብቲ ሆስፒታል ተኝቷል። ሥራ የበዛባት ነርስ እያለፈች በአማርኛ «ደህና ነው፣ አይዞህ» ትለዋለች። ክፋት የላትም። ግን ቤተሰቡ ዳጉ እየጠበቀ ነው፤ «ደህና ነው» ደግሞ ዳጉ አይሆንም። ምን ተሰጠው? ትኩሳቱ ስንት ደረሰ? ሐኪሙ መቼ አየው? ከራሱ ጨምሮ መናገር አይችልም። ስለዚህ ደጋግሞ ይጠይቃል። ነርሷ ጋ ይሄ ጭቅጭቅ ይባላል።