ከድጡ ወደ ማጡ፣ በብስክሌት

ወዳጆቼ፣ ክረምቱ ገብቷልና ዛሬ ስለ ጭቃ ላውራችሁ። ስለ ጭቃና ስለ ብስክሌት። የድሮ ተማሪዎቼ ደብተራችሁን አትፈልጉ፣ መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ያልነበረ ታሪክ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1897፣ በኛ ሰኔ 1889 ዓ.ም ነው። የአድዋ ድል ገና አንድ ዓመት ከሦስት ወሩ። ቦታው ሞንታና፣ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ያለ ተራራማ ግዛት፣ ፎርት ሚዙላ የሚባል የጦር ሰፈር። እዚያ የሰፈረው 25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው። ወታደሮቹ በሙሉ ጥቁር፣ አዛዦቻቸው ነጮች። የአሜሪካ የምድር ጦር በዚያን ዘመን ጥቁሮችን የሚያሰልፈው ለብቻቸው በተቋቋሙ አራት ሬጅመንቶች ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ፈረሰኛ፣ ሁለቱ እግረኛ። ብዙዎቹ ወታደሮች የባሪያ ልጆች ናቸው።

ያኔ ደግሞ ዓለም በብስክሌት አብዷል። የአውሮፓ ጦሮች ብስክሌተኛ ክፍል እያቋቋሙ ነው። ጄምስ ሞስ የሚባል ወጣት ነጭ መኮንን እኛስ ምን ያንሰናል አለ። ሞስ በ1894 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሲመረቅ ከክፍሉ የመጨረሻው ነበር። (የክፍል መጨረሻ መሆን የነገር መጨረሻ አይደለም፣ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ።) ክርክሩ ቀላል ነው። ፈረስ ገብስ ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይታመማል፣ ሌሊት ያሽካካል። ብስክሌት ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። የጦሩ የበላይ አዛዥ ጄኔራል ኔልሰን ማይልስም ሐሳቡን ወደዱለት። በ1896 ስምንት ወታደሮች ይዞ ወደ የሎውስቶን ፓርክ ደርሶ ተመለሰ። በዓመቱ ግን የጠየቀው ሌላ ነው፤ ከሚዙላ እስከ ሴንት ሉዊስ፣ 1,900 ማይል፣ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር። የድሮውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር አራት ጊዜ ያህል ማለት ነው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ከንጋቱ ጋር ወጡ። 20 ጥቁር ወታደሮች፣ ሞስ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ። ብስክሌቶቹን የሰጣቸው ስፖልዲንግ የሚባለው ፋብሪካ ነው። ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ስንቁ ሲጫንበት አንዱ ብስክሌት ወደ 27 ኪሎ ይመዝናል። ጠመንጃና 50 ጥይት በየሰው ትከሻና ወገብ ላይ ነው። ማርሽ የሚባል ነገር የለም። ዳገት ሲመጣ ያለህ ማርሽ ጉልበትህ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። በነሱ አገር «ገምቦ» የሚሉት አፈር አለ። የበቾን ሜዳ በሐምሌ የተሻገረ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም፤ ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይይዝሃል። ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጭቃ ለብስክሌትማ ምን ይራራል? ጎማው ሁለት ዙር ሳይዞር በዋልካ ይጠቀለላል፣ ጭቃው ጎማውና ፍሬሙ መሀል ይሞላል፣ ከዚያ ቀጥ። ወርደህ በእንጨት ትፍቃለህ፣ ጥቂት ትገፋለህ፣ እንደገና ትፍቃለህ። አንዳንዱ ቦታ መግፋትም አልተቻለም፣ ተሸከሙት። እስኪ አስቡት፣ ሰውን ይሸከማል የተባለው ሰው ላይ ወጣ!

መንገዱ አላስኬድ ሲል ወደ ባቡር ሐዲዱ ወጡ። በሐዲዱ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ብስክሌት መንዳት አጥንት እንደመቁጠር ነው። ግን ቢያንስ አይሰምጥም። የሐዲዱ ሌላ ጥቅም ስንቅ ነው። በየ100 ማይሉ ገደማ በባቡር ጣቢያዎች ምግብ ተልኮ ይጠብቃቸዋል፤ የአሳማ ሥጋ፣ ባቄላ፣ ዱቄት፣ ቡና። የሚሸከሙት የሁለት ቀን ስንቅ ብቻ ስለሆነ፣ ጭቃ አንድ ቀን ካዘገየህ ጦምህን ታድራለህ። የሮኪ ተራሮችን ሲሻገሩ ደግሞ በሰኔ ወር በረዶ ወረደባቸው።

ከጭቃው ሲወጡ እፎይ አሉ እንዳትሉ። ነብራስካ ላይ አሸዋ ጠበቃቸው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ፣ ውሃው ጨው የበዛበት። ሰው መታመም ጀመረ፣ ሞስ ራሱም ታመመ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በ41ኛው ቀን ሴንት ሉዊስ ገቡ። በመንገድ ላይ ያሳለፉት 34 ቀን ነው፣ በቀን በአማካይ 90 ኪሎ ሜትር። አንድ ወታደር ብቻ በባቡር ተመልሷል። የከተማው ብስክሌተኞች ወጥተው አጀቧቸው፣ ሕዝቡ በሺዎች መጥቶ አያቸው። ሞስም ብስክሌት ከእግረኛ በግማሽ ጊዜ እንደሚያደርስና ወጪውም አንድ ሦስተኛ እንደሆነ ጽፎ ሪፖርቱን አስገባ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ጭቃውን አሸነፉ፣ ከተማ ገቡ፣ ተጨበጨበ። ፊልም ቢሆን ጥሩ መጨረሻ ነው። እኔን ግን ይህ አቆራረጥ አይጥመኝም። አንደኛ፣ ጉዞውን በዋነኛነት የምናውቀው ከሞስ ሪፖርትና ከጋዜጠኛው ጽሑፍ ነው፤ ከሁለት ነጮች ማለት ነው። ዋልካውን የፋቀው ሰው ማታ ድንኳን ውስጥ ምን ይል እንደነበር ሪፖርት ላይ አይገባም። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ሴንት ሉዊስ ላይ አልሞቱማ! ዘጠኝ ዓመት ወደፊት ተከተሏቸው።

በጉዞው ላይ ወታደሮቹን በቅርብ የሚመራው ሚንጎ ሳንደርስ የሚባል ሃምሳ አለቃ ነበር። የደቡብ ካሮላይና ልጅ፣ ዕድሜው ወደ 40 የተጠጋ፣ በ1881 የተቀጠረ። በዓመቱ፣ በ1898፣ ከስፔን ጋር ጦርነት ተነሳ። ብስክሌቱ ተረሳ፣ ሬጅመንቱ ኩባ ዘመተ፣ ኤል ካኒ ላይ ተዋጋ። ሳንደርስም ነበረ። እሱ በኋላ እንደተናገረው፣ እዚያው ኩባ ቴዎዶር ሩዝቬልት የተባለ የበጎ ፈቃደኞች አዛዥ ለተራቡ ወታደሮቹ ደረቅ ዳቦ ሲለምን የሳንደርስ ሻምበል ካለው አካፍሏል።

ነሐሴ 1906 ላይ ከሬጅመንቱ ሦስት ሻምበሎች ቴክሳስ፣ ብራውንስቪል ወደምትባል ከተማ በተዛወሩ በሁለት ሳምንት ገደማ ሌሊት ተኩስ ተከፈተ። አንድ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ሞተ፣ አንድ ፖሊስ ቆሰለ። ከተማው ጥቁሮቹ ናቸው አለ። ነጮቹ መኮንኖች ግን ወታደሮቹ በሰፈራቸው እንደነበሩ መሰከሩ፤ ጠመንጃዎቹም ሲፈተሹ ያልተተኮሰባቸው ሆነው ተገኙ። ማን ተኮሰ ሲባሉ ወታደሮቹ አናውቅም አሉ። ይህ መልስ እንደ ሤራ ተቆጠረባቸው፤ ተስማምተው ደብቀዋል ተባለ። ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ክስ፣ 167 ሰው በአንድ ፊርማ ከሠራዊቱ ተባረረ። ጡረታ የለ፣ የመንግሥት ሥራ የለ። ፈራሚው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ናቸው፣ ያ ኩባ ላይ ዳቦ የለመነው ሰው። ትእዛዙ ይፋ የሆነው የምክር ቤቱ ምርጫ ባለፈ ማግሥት ነው፤ የጥቁሩ ድምፅ እንዳይሸሽ።

ሳንደርስ ከተባረሩት አንዱ ነበር። 25 ዓመት አገልግሏል፣ ሙሉ ጡረታ ሊያገኝ የቀረው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። መልሱኝ ብሎ አመለከተ፤ ሩዝቬልት እምቢ አሉ። በ1912 ሩዝቬልት እንደገና ለመመረጥ ሲወዳደሩ ሳንደርስ ተነስቶ ለተቀናቃኛቸው ለታፍት ቀሰቀሰ፣ ያንን የዳቦ ታሪክም በየስብሰባው ተናገረ። ሩዝቬልት ተሸነፉ፣ ታፍትም አብረው ተሸነፉ፤ ሳንደርስም ወደ ጦሩ አልተመለሰም።

ሞስ ግን በሠራዊቱ ቆየ፣ ማዕረጉ አደገ፣ ለወታደሮች የሚያገለግሉ መመሪያ መጻሕፍትን ጽፎ ታወቀ። እሱን መውቀሴ አይደለም፣ እሱም ያንን ጭቃ ገፍቷል። ብቻ በአንድ ዋልካ ውስጥ አብረው የሄዱ ሁለት ሰዎች የት እንደደረሱ እዩልኝ።

የአሜሪካ ጦር ውሳኔውን የሻረው በ1972 ነው፣ ከ66 ዓመት በኋላ። ከተባረሩት ውስጥ በሕይወት የተገኘው ዶርሲ ዊሊስ የሚባል ሽማግሌ 25,000 ዶላር ተሰጠው። ሳንደርስ ያኔ ከሞተ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈውታል። በስሙ የተስተካከለለት ወረቀቱ ብቻ ነው፤ በክብር የተሰናበተ የሚል።