ሦስት ሺህ ገጽ

ፈተና ሲቃረብ ሁላችንም ጭንቅላታችንን እንረግማለን፤ «አልገባ አለኝ!» እያልን። እኔ እንዲህ ባልኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሌቭ ዛሴትስኪ የሚባል የሶቪየት ኅብረት ተማሪ ነው። የቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተማሪ ሳለ ጦርነት መጣና ዘመተ። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1943 በስሞሌንስክ ግንባር ጥይት የራስ ቅሉን በስቶ ገባ። ዕድሜው ገና 23 ነበር።

ጥይቱ የጎዳው በግራ በኩል፣ ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለውንና ፓሪየታል የሚባለውን የአንጎል ክፍል፣ ለማየት ከሚያገለግለው ከኋለኛው ክፍል ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ነው። ይህ ክፍል ቆዳ የዳሰሰውን፣ ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን ያገጣጥማል። እጃችን የት እንዳለ ሳናይ የምናውቀው በሱ ነው። ግራና ቀኝ፣ ቁጥርና ካርታም የሱ ጉዳይ ናቸው። ቀደም ሲል በ1924 የቪየናው ሐኪም ዮሴፍ ጌርስትማን የገዛ ጣቶቿን መለየት ስላቃታት አንዲት ሴት ጽፎ ነበር። በጣት መቁጠር የጀመረ ሰው ጣቱ ሲጠፋበት ሂሳቡም ቢጠፋ ምን ይገርማል?

ዛሴትስኪ ግን ከዚህም የባሰ ነው። የገዛ አካሉ የት እንዳለ ይጠፋዋል። በስተቀኝ ያለው ዓለም አይታየውም። ፊደል እንደ ሕፃን «ሀ» ብሎ ጀመረ። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ሰዋስዉ ነው። «አባት» ምን እንደሆነ ያውቃል፤ «ወንድም»ም ያውቃል። «የአባት ወንድም» እና «የወንድም አባት» ሲባል ግን ልዩነቱ አይገባውም! እስቲ አስቡት፤ አንዱ አጎት ነው፣ አንዱ አባት። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፣ የተለወጠው ቦታቸው ብቻ ነው። ለካስ የዕቃን ቦታ የሚይዘው ክፍል የቃላትንም ቦታ ይይዝ ኖሯል።

መጻፍም አቅቶት ነበር፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ሲፈልግ ይጠፋዋል። በኋላ ግን ሐኪሙ እጁን ሳያነሣ ቶሎ እንዲጽፍ አዘዘው። «ደም» የሚለውን ቃል ጻፈ። መልሶ ላንብበው ቢል አልቻለም! የእጅ ልማድ ሳይነካ ቀርቶ ነበር።

የግንባሩም ክፍል እንደዚሁ አልተነካም። ስለዚህ ያቅዳል፣ ይመኛል፣ ያፍራል፤ ምን እንደጎደለበትም አሳምሮ ያውቃል። ይህ ይሻላል ወይስ ይብሳል? እኔ ይብሳል ባይ ነኝ፤ የመኝታ ቤት ጓደኞቼ አልተስማሙም።

ዛሴትስኪ ሲጽፍ ኖረ። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ታግሎ ግማሽ ገጽ። ያለፈውን ገጽ አያስታውሰውም፤ ቢሆንም በ25 ዓመት ውስጥ 3000 ያህል ገጽ ሞላ። ከ1943 ጀምሮ ሲከታተለው የነበረው አሌክሳንደር ሉሪያ ከዚያ ላይ እየቀነጨበ፣ የራሱንም ማብራሪያ እየጨመረ በ1971 መጽሐፍ አደረገው። ዛሴትስኪ ለጽሑፉ ያወጣለት ርእስ «ትግሌን እቀጥላለሁ» የሚል ነበር። መሐንዲስነቱ ግን እንደቀረ ቀረ።