ብርሌና እቶን

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሻከረ ወዳጅነትና ስለ ጎደፈ ስም ነው። ዛሬ ግን ቃሉን ወደ ራሱ ወደ ብርሌው መልሰን ልንመረምረው አስበናል። መስተዋት በሚቀልጥበት አገር ለሚኖር ሠራተኛ ይህ ምሳሌ ግር የሚያሰኝ ነው፤ እርሱ የነቃውን ብርሌ አድቅቆ ከአዲሱ አሸዋ ጋር ወደ እቶኑ ይመልሰዋል፤ ስባሪው ከጥሬው አሸዋ ባነሰ ሙቀት ስለሚቀልጥም ማገዶ ያተርፍለታል። እንግዲያስ ምሳሌው የተነገረው ስለ ብርሌ ጠባይ አይደለም፤ ብርሌው መጥቶልን እቶኑ ስላልመጣ ነው።

ብርሌው የመጣበት መንገድ ረዥም ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በግሪክኛ የጻፈ አንድ ሰው፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገባው ሸቀጥ መካከል ልዩ ልዩ የመስተዋት ዕቃ ይቈጥራል፤ በግብፅ አገር በዲዮስፖሊስ የተሠራም እንደሚገኝበት ይገልጻል። በአክሱምም ኔቪል ቺቲክ መቈፈር በጀመረው፣ ኋላም ዴቪድ ፊሊፕሰን ምርመራውን በቀጠለበት የ4ኛው ክፍለ ዘመን መቃብር ውስጥ የመስተዋት ጽዋዎች ተገኝተዋል። ስሙ ራሱ እንግዳ ነው፤ ብርሌ የሚለው ቃል ቢረሌ ከተባለው የከበረ ድንጋይ ስም የወጣ ሲሆን፣ ምንጩም ግሪክኛ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ትግራይ የመጡ የአውሮፓ መንገደኞችም በመኳንንቱ ግብር ላይ ጠጅ በቬኒስ ብርሌ ሲቀርብ አይተዋል። ከአዱሊስ እስከ ቬኒስ ያለው ዘመን ከ1,700 ዓመት በላይ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን እኛ ገዢዎች ነበርን። የቀንዱን ዋንጫ ግን ያገሬው ሰው እየፋቀ ያበጀው እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

እቶኑ ለምን አልመጣም? ማገዶው ነው ብለን ብቻ አናመካኝም። ብረት አቅልጦ ማረሻ የሚያበጅ፣ ጭቃ ተኵሶ ጋን የሚሠራ ሰው በአገራችን አልታጣም፤ ነገር ግን እሳት ፊት የሚቀመጠውን ሠራተኛ ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ስንሰድበውና ከማዕዳችን ስናርቀው ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን መስደብ ከለከሉ። አዋጁ ስድቡን ገሠጸ እንጂ ልማዱን ፈጥኖ አልሻረውም። የተናቀ ባለሙያ ያባቱን ሙያ ይጠብቅ ይሆናል፤ አዲስ ሙያ ይጨምርበታል ብሎ መጠበቅ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የመሬቱ ነገር ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በአዱሊስ ፍራሽ አጠገብ በዙላ ወርዶ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ነበረ። ይህ ሰው ሠራዊቱ በሚያልፍበት መንገድ ያየውን ዐለት እየመረመረ ለአንደኛው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ ለሁለተኛው የሒንጣሎ ኖራ ድንጋይ የሚል ስም ሰጠ፤ ስሞቹም እስከ ዛሬ በሥነ ምድር መጻሕፍት ይኖራሉ። መስተዋት ደግሞ በመሠረቱ አሸዋ፣ ኖራ ድንጋይና ሶዳ ነው። አሸዋ ብቻውን የሚቀልጠው በ1,700 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሶዳ ይህን ሙቀት ዝቅ ያደርግለታል፤ ኖራ ባይጨመርበት ግን ውሃ ያሟሟዋል። ሶዳው በስምጥ ሸለቆ ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ ኖሯል። አሸዋ ድንጋይ በሙገር ሸለቆም ይገኛል፤ ከዚያ የሚወጣው አሸዋም በአዲስ አበባ የጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ ሲቀልጥ ኖሯል።

እንግዲህ ፋብሪካ ካለ የእጅ ሙያ መማር ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ ወደ አፍሪካ አዳራሽ እንመራዋለን። አፈወርቅ ተክሌ ለዚያ አዳራሽ የሣሏቸው ሦስት የመስተዋት ሥዕሎች 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ፤ አዳራሹም በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ። ሐሳቡና ሥዕሉ የኢትዮጵያዊ ሲሆኑ፣ መስተዋቱን የሠሩት ግን የፈረንሳይ አገር ባለሙያዎች ናቸው። ፋብሪካ ጠርሙስ በሺህ ይሰጣል፤ የሠዓሊን ሐሳብ ተቀብሎ ቀለሙንና ውፍረቱን የሚመርጥ ግን እጁ የሠለጠነ፣ ዓይኑም የሚፈርድ ሰው ነው። ይህን ፍርድ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም። አሸዋው ብረት ካለበት መስተዋቱ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ስለዚህ በትግራይ ገደል ላይ የሚታየው ቀይ ድንጋይ ሁሉ ለጠራ ብርጭቆ አይበጅም። የተሠራው ዕቃ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘም የማንም እጅ ሳይነካው ይሰነጠቃል።

መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የታሰበው ለልብስ ስፌት ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ሥራውን አስቆመው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ስፌት መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ፣ ልብሱም ወደ ውጭ የሚሄድ ሲሆን፣ የአገሩ ድንጋይ ከነስሙ እዚያው ተኝቷል። ከስፌቱ ጎን አንድ ትንሽ እቶን ቢተከልና ከከተማው የሙያ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ተማሪዎች ቢመደቡለት ምን ይከፋል? ለመጀመሪያው ዓመት ከአብያታ ሶዳ ማስመጣት እንኳ አያስፈልግም፤ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው የጠርሙስና የመስኮት ስባሪ ይበቃል። ሁለት ዓይነት መስተዋት አንድ ላይ ቢቀልጥ ሲቀዘቅዝ እኩል ስለማይኰማተር፣ የተማሪዎቹ መነሻ ሥራ ስባሪውን በየዓይነቱና በየቀለሙ መለየት ይሆናል።