የኮርቬት ሞተሮች፦ የምርጫ መስፋትና መጥበብ ታሪክ

በዘመናችን የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው የሚቀርብለት የሞተር ምርጫ ከአንድ ወይም ከሁለት እምብዛም አያልፍም። ለዚህም ብዙ ጊዜ በምክንያትነት የሚጠቀሰው የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት ነው፤ ሆኖም የአሜሪካው ኮርቬት ታሪክ እንደሚያሳየው ምርጫው መጥበብ የጀመረው ከሃምሳ ዓመት በፊት ሲሆን፣ ዋነኛ ሥሩም የጭስ ሕግና ሕጉ ያስከተለው የፍተሻ ወጪ ነው።

የጄኔራል ሞተርስ አካል የሆነው ሼቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1953 በሚሺጋን ግዛት፣ በፍሊንት ከተማ ያመረታቸው የመጀመሪያዎቹ 300 ኮርቬቶች በሙሉ የያዙት አንድ ዓይነት ሞተር ነበር፤ እርሱም ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ፣ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። በ1955 ቪ8፣ ማለትም ስምንት ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ እንደ ቪ ፊደል የተቀመጡበት ሞተር ሲጨመር፣ በ1957 ደግሞ ቤንዚንን በካርቡረተር ፈንታ በግፊት የሚረጭ ሥርዓት ሲከተል፣ የማዘዣው ቅጽ ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ሄደ።

ይህ መስፋት ጫፍ የደረሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። የ1969 ኮርቬት ገዢ 300 የፈረስ ጉልበት ካለው የ5.7 ሊትር (5,700 ሲሲ) ሞተር አንሥቶ፣ ሦስት ካርቡረተር ተገጥሞለት 435 የፈረስ ጉልበት እስከሚሰጠው የ7 ሊትር ሞተር ድረስ ከስድስት በላይ ከሚሆኑ አማራጮች መርጦ ማዘዝ ይችል ነበር። ከእነዚህም አንዱ፣ ኤል88 በሚል መለያ የሚታወቀው፣ ለውድድር የተሠራ በመሆኑ ሬዲዮ የማይገጠምለትና እጅግ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን የሚጠይቅ ነበር፤ ኦክቴን ማለት ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለው የመቋቋም አቅም መለኪያ ነው። ከ1967 እስከ 1969 በዚህ ሞተር የተሠሩት ኮርቬቶች 216 ብቻ ሲሆኑ፣ ኩባንያው ለጥቂት ገዢዎች ሲል አንድን ሞተር ለብቻው ማዘጋጀት ያን ጊዜ እንደማይከብደው ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል።

የኦክቴን መጠን ከፍ ይል የነበረው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ነበር። በ1970 መጨረሻ የጸደቀው የአየር ንጽሕና ሕግ ከመኪና የሚወጣው ጎጂ ጭስ በ90 በመቶ እንዲቀንስ በማዘዙ፣ ከ1975 ጀምሮ የጭሱን መርዝነት በኬሚካላዊ ለውጥ የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተገጠመ፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ በእርሳስ ስለሚበላሽ ከእርሳስ ነጻ የሆነ ቤንዚን ግድ ሆነ። የትልቁ ሞተር ሽያጭ በ1974 አበቃ፤ በ1975 የኮርቬት መነሻ ሞተር ጉልበትም 165 ሆኖ ተመዘገበ፤ ምንም እንኳ የልዩነቱ ከፊል ምክንያት ከ1972 ወዲህ ሞተሩ ሙሉ መሣሪያው ተገጥሞለት መለካት መጀመሩ ቢሆንም።

ምርጫውን ከሁሉ በላይ ያጠበበው ግን የፍተሻው አሠራር ነው። እያንዳንዱ የሞተር ዓይነት ከመሸጡ በፊት የጭስ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ለዚህም መኪና 50,000 ማይል እየተነዳ የጭስ መቆጣጠሪያው ጽናት ይፈተን ስለነበር፣ ጥቂት ገዢ ያለው ሞተር ወጪውን መሸከም አቃተው። ካሊፎርኒያ ከሌሎቹ ግዛቶች የጠበቀ መስፈርት ስለነበራት፣ በ1980 በዚያ የሚሸጠው ኮርቬት ባለ5 ሊትሩን ሞተር ብቻ ይዞ ቀረበ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1981፣ በመላ አገሪቱ የተሸጠው ኮርቬት ሁሉ 190 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ዓይነት ሞተር ብቻ ስለነበረው፣ መኪናው በተወለደ በ28 ዓመቱ ወደ ተነሣበት የአንድ ሞተር ዘመን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ኃይል ተመልሷል፤ የ2023ቱ ዚ06 ከ5.5 ሊትር ሞተሩ 670 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሞተር የራሱ ስም፣ የራሱ አካልና ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ሌላ መኪና ሆኖ ይቀርባል እንጂ፣ እንደ ቀድሞው በመነሻው መኪና ማዘዣ ላይ በአንድ መስመር የሚጨመር አይደለም። የጠራው አየር የሁሉም ሀብት በመሆኑ ሕጉ መውጣቱ ተገቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገዢው ቅጹን ሲሞላ የመኪናውን ልብ ራሱ ይመርጥ የነበረበት፣ ፋብሪካውም ለ216 ሰዎች ፍላጎት ቦታ ይሰጥ የነበረበት ልማድ ከጭሱ ጋር አብሮ መጥፋቱ በታሪክ ሊመዘገብ የሚገባው እውነተኛ ኪሳራ ነው።