ባሕር ላይ የቀሩት ጀልባዎች

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት ጥቂት ሶሐቦች ከመካ ወጥተው ባሕር ተሻግረው ሐበሻ እንደገቡ ልጆቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ቁረይሾች ግን ዝም አላሉም፤ ኋላ ላይ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ገጸ በረከት አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ወደ ነጃሺ ላኩ። ንጉሡ የጃዕፈርን ንግግር ካዳመጡ በኋላ ገጸ በረከቱን መለሱ እንጂ ሰዎቹን አልመለሱም። በባሕር ስለመጡ ስደተኞች መንግሥታት ሲደራደሩ ግን ጉዳዩ ሁልጊዜ እንዲህ አያልቅም።

የቬትናም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1975 ካበቃ በኋላ እጅግ ብዙ ሰው በትንንሽ ጀልባ ወደ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ታይላንድና ሆንግ ኮንግ ጎረፈ። በ1979 የአካባቢው አገሮች በቃን አሉ፤ ጀልባዎችም ወደ ባሕር ተገፉ። በዚያው ዓመት ጁላይ 65 መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ተሰበሰቡ። የተስማሙበት ነገር የገበያ ውል ይመስላል፤ የባሕሩ ዳር አገሮች ጊዜያዊ መጠለያ ይሰጣሉ፣ አሜሪካን የመሳሰሉት ደግሞ ወስደው በቋሚነት ያሰፍራሉ። ለ260 ሺህ ሰው ቦታ ተገኘ። ቬትናም በበኩሏ ጉዞውን ለመግታት ቃል ገባች። ይህ ለሸሸው መዳኛ ነበር፤ ገና ላልሸሸው ግን በር መዝጊያ መሆኑ አይካድም።

በ2015 ተራው የሮሂንጋ ሙስሊሞች ሆነ። በርማ በ1982 ባወጣችው የዜግነት ሕግ አገር አልባ የሆኑ ናቸው። በደቡብ ታይላንድ የጅምላ መቃብር ተገኝቶ መንግሥት ሰው አሻጋሪዎችን ማሳደድ ሲጀምር፣ አሻጋሪዎቹ ሮሂንጋዎችንና ባንግላዴሻውያንን የጫኑ ጀልባዎች አንዳማን ባሕር ላይ ጥለው ጠፉ። ታይላንድ፣ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያም ጀልባዎቹን ከዳርቻቸው መለሱ። ከሦስቱ ሁለቱ የሙስሊም አገሮች መሆናቸውን ሲጽፉት እጅ ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው። በ2004ቱ ሱናሚ ወገኖቻቸው ያለቁባቸው የአቼ ዓሣ አጥማጆች ግን በባሕር ላይ የተቸገረን ማንሳት የአባቶቻቸው ደንብ ነውና በመቶ የሚቆጠሩትን ጎትተው አወጡ።

ሜይ 20 ቀን 2015 የሦስቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ፑትራጃያ ላይ ተገናኙ። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ዓለም በ1 ዓመት ውስጥ ወስዶ ያስፍራቸው በሚል ቅድመ ሁኔታ ለ7 ሺህ ሰው መጠለያ ለመስጠት ተስማሙ። የ1979ኙን ውል ግማሽ አቀረቡ ማለት ነው። ሌላውን ግማሽ በዚያው መጠን የሚያቀርብ አልተገኘም። አውስትራሊያ ከናካቴው እምቢ አለች፤ ትንሿና ድኻዋ ጋምቢያ ግን ሁሉንም ልቀበል ብላ ነበር። ለኃያላኑ ከኮሚኒስት የሸሸን መቀበል የፖለቲካ ትርፍ ነበረው፤ ሮሂንጋን መቀበል ምን ያተርፋል?

ጀልባዎቹ ግን መምጣታቸውን አልተውም፤ የሚረከብም አልመጣም። ዲሴምበር 2023 ባንዳ አቼ ውስጥ ተማሪዎች ሮሂንጋዎች የተጠለሉበትን አዳራሽ ጥሰው ገብተው፣ ሴቶችና ሕጻናት እያለቀሱ አስወጧቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ገመድ የወረወሩበት ያው የአቼ ምድር ነው።