የንዳድ ድንበር፤ ደገኛው ቆላ መውረድን ስለ ምን ፈራ?

የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት እየሸሸ የኖረው ሀገር ባሕር ማዶ አልነበረም። ከመንደሩ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት በዓይኑ የሚያየው ቆላ ነው። መሬቱ ሰፊ፣ አፈሩ ለም፣ ወንዙ የማይነጥፍ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። በደጋው ላይ ግን መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ጠቧል፤ አፈሩም በጎርፍ ታጥቧል። እንዲህም ሆኖ ደገኛው ወደ ቆላ ወርዶ ጎጆ መቀለስን አይመርጥም ነበር። ቢወርድ እንኳ ውሎ ለመመለስ እንጂ ለማደር አልነበረም።

ይህን ሁኔታ የተመለከቱ የውጭ ሀገር መንገደኞችና ኋላም የልማት ዕቅድ አውጪዎች ልዩ ልዩ ምክንያት ሰጥተውታል። አንዳንዶቹ የአባት ርስት ፍቅር ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ በአጉል እምነት የመጣ ፍርሃት ነው ብለዋል። ሁለቱም አስተያየቶች ጥቂት እውነት አላቸው። ነገር ግን የታሪኩን ዋና ክፍል ይስታሉ። የደገኛው ፍርሃት በብዙ ትውልድ ሞት የተገዛ ዕውቀት ነበር። ዕውቀቱ ስሕተት ያልተለየው ቢሆንም፣ በንቀት በታለፈበት ጊዜ ሁሉ ዋጋው በሰው ሕይወት ተከፍሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ዕውቀትና የተከፈለውን ዋጋ መመርመር ነው።

የከፍታ ደረጃ

የሀገራችን ሕዝብ መሬትን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ ሲከፍል የሙቀቱንና የሰብሉን ዓይነት ብቻ ለመለየት አልነበረም። ክፍፍሉ የጤና ካርታም ነበር። ዛሬ በሳይንስ እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ተሐዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ የአየሩ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ በጣም ይዘገያል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲጠጋ ይቆማል። ተሐዋሲው ሳይደርስ ትንኟ ቀድማ ትሞታለች።

ደገኛው ይህን ሁሉ ባያውቅም ድንበሩን ያውቅ ነበር። የሀገሪቱ ታላላቅ መናገሻዎች አክሱም፣ ጎንደር፣ አንኮበርና አዲስ አበባ ሁሉም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ለቦታዎቹ መመረጥ የመከላከያ ምሽግነት፣ የውኃና የማገዶ መገኘት፣ የንግድ መንገድም ምክንያት እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ቤተ መንግሥትና ሠራዊት ለብዙ ዘመን ከከፍታው ላይ መቀመጣቸው፣ ቆላው የግብር፣ የአደንና የንግድ ሀገር ሆኖ መቅረቱ፣ ከንዳድ ድንበር ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም።

ንዳድ የሚለው ቃል ራሱ ጥንታዊ ነው። በ1762 ዓ.ም. (1769 እ.ኤ.አ.) በምጽዋ በኩል የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በዚያ ጠረፍ ሰውን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገድለው ትኩሳት በዚሁ ስም እንደሚጠራ መዝግቧል። ቃሉ መንደድንና መቃጠልን ስለሚያመለክት፣ የበሽታውን ጠባይ ከማናቸውም የሐኪም መግለጫ ባላነሰ ያሳያል።

የመንገደኛው ሥርዓት

ሰው ቆላን ፈጽሞ አልተወውም። ጥጥ፣ ጨው፣ የዝሆን ጥርስና ሙጫ የሚገኘው ከዚያው ነበርና ነጋዴው መውረድ ግድ ሆኖበታል። የወረደውም በሥርዓት ነበር። የመጀመሪያው ሥርዓት ወቅትን መጠበቅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ኩሬው ደርቆ፣ የበጋው ነፋስ ሳይነፍስ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው እንደ ደፋር ሳይሆን እንደ ሞኝ ይቆጠር ነበር። የዘመኑ ሳይንስ ይህን ያጸናል፤ በአብዛኛው የሀገራችን ክፍል ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ አነስተኛው ወቅት ደግሞ ከበልጉ ዝናብ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓት ሰዓትን መጠበቅ ነው። በተረተሩ ጫፍ የሚኖር ገበሬ ከታች ያለውን ማሳውን ቀን ወርዶ ያርሳል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን በሬውን ነድቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ዳገቱ ድካም ቢሆንም ከማደር ይሻላል ይል ነበር። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ገበሬው በየቀኑ የሚወጣው ዳገት እንደ መድኃኒት ያገለግለው ነበር።

ሦስተኛው ሥርዓት ጭስ ነው። ማደር ግድ የሆነበት መንገደኛ ከወንዝ ርቆ፣ እሳት አንድዶ፣ ራሱን በጋቢ ሸፍኖ ይተኛል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ መብላት፣ ክታብ ማንገትም ነበረ። ከእነዚህ መካከል ጭሱና ጋቢው ትንኝን ሲከላከሉ፣ ክታቡ ልብን ከማጽናት አልፎ የሚሰጠው ጥቅም አልነበረም። መንገደኛው ግን የትኛው እንዳዳነው መለየት ስለማይችል ሁሉንም አብሮ ጠበቀ።

ከንዳድ ሌላ የሚፈራ ነገርም ነበር። በዴዴሳ፣ በአባይ፣ በኦሞና በባሮ ሸለቆዎች ቆላ የወረደ በሬና በቅሎ ገንዲ በሚባለው በሽታ ከስቶ ይሞታል። በበሬ ለሚያርስና በበቅሎ ለሚጭን ደገኛ፣ ይህ ከራሱ ሞት ቀጥሎ የሚመጣ ጥፋት ነበር። ገንዲን የምታስተላልፈው ጼጼ የምትባለው ዝንብ ሰውንም የምትጎዳ መሆኗ በ1967 እ.ኤ.አ. በጋምቤላ የእንቅልፍ በሽታ በተገኘ ጊዜ ተረጋግጧል።

ነፋስ፣ ጋኔንና ትንኝ

ስለ መንስኤው ግን ሕዝቡ ተሳስቶ ነበር። አንዱ የቆላው አየር መርዝ ነው ሲል፣ ሌላው በወንዝ ዳር የሚኖር ጋኔን ይመታል ይል ነበር። በዚህ ስሕተት ደገኛው ብቻውን አልነበረም። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የበሽታው መጠሪያ የሆነው «ማላሪያ» ከጣሊያንኛ የመጣና «መጥፎ አየር» ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በ1880 እ.ኤ.አ. በአልጄሪያ ተሐዋሲውን በደም ውስጥ እስኪያይ፣ እንግሊዛዊው ሮስም በ1897 በሕንድ በትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ፣ የሊቃውንቱም እምነት ከዚሁ የራቀ አልነበረም።

ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከወራት በኋላ ደጋ ተቀምጦ ሳለ ትኩሳቱ ሲያገረሽበት፣ የቆላው መንፈስ ተከትሎት መጣ ይባል ነበር። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ዳግም እንደሚነሣ ለሚያውቅ የዛሬ ባለሙያ፣ ይህ አባባል በሌላ ቋንቋ የተነገረ ትክክለኛ ምልከታ ነው። ሕዝቡ ያየውን በትክክል አይቷል፤ የተሳሳተው ባየው ነገር ትርጓሜ ላይ ነው።

ድንበሩ ሲጣስ

በ1950 ዓ.ም. ክረምት ይህ የኖረ ድንበር ፈረሰ። ዝናቡ ከወትሮው በዛ፤ ሙቀቱና እርጥበቱም ከልማድ ውጭ ረዘመ። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በዘለቀው ወረርሽኝ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው አገሮች ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 150,000 ያህል እንደ ሞቱ ተገምቷል። የታመመው ሕዝብ ከበሽታው ርቆ የኖረ በመሆኑ በደሙ ውስጥ መከላከያ አልነበረውም። ለብዙ ዘመን ከቆላ በመራቅ የተጠበቀው ሰው፣ ቆላው ራሱ ወደ እርሱ በወጣበት ዓመት ከሁሉ ይልቅ ተጋላጭ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ መከራ በኋላ በ1959 እ.ኤ.አ. የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። በዲ.ዲ.ቲ. የሚረጩ ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ በየመንደሩ ደረሱ፤ ክሎሮኪንም ተሰራጨ። በብዙ ቦታ በሽታው በረደ፤ ከመውረድም ይከለክል የነበረው ፍርሃት አብሮ በረደ። በአዋሽ ሸለቆ የሸንኮራና የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ፤ በስምጥ ሸለቆ አዳዲስ ሰፈሮች ተመሠረቱ። ሆኖም በሽታው በረደ እንጂ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1955 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ወባን ፈጽሞ የማጥፋት ዘመቻ በ1969 ትቶ ወደ መቆጣጠር ተመለሰ።

በሰቲት ሑመራ የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። የሰሊጥ እርሻ ሲስፋፋ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የደጋ ሠራተኛ ለቀን ሥራ መውረድ ጀመረ። ሰሊጥ የሚታጨደው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው፤ ይህም የጥንቱ መንገደኛ እንዳይወረድ ይከለክለው የነበረው ወቅት ነው። የደመወዝ ቀጠሮ የአባቶችን ቀጠሮ ሻረ። ሠራተኛው በተሰነጠቀው የዋልካ መሬት ላይ፣ በግራር ሥር፣ ያለ ቤት ስለሚያድር ወባ ብቻ ሳይሆን በደቃቅ ተናካሽ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ያዘው። በ2005 እ.ኤ.አ. በሊቦ ከምከም የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ታይቶ ነበር። በሽታው ከሑመራና ከመተማ እርሻዎች በተመለሱ ሠራተኞች ወደ ላይ እንደ ወጣ ይታመናል።

የ1977 ዓ.ም. ሰፈራ

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ነው። በድርቅና በረሃብ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አገሮች 600,000 ያህል ሰዎች ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወሰዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ የደጋው መሬት መድከምም እውነት ነበር። ዕቅዱ ግን የሚወሰደውን ሰው ፍርሃት እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ እንቅፋት ቆጠረው። ብዙዎች ያለ ፈቃዳቸው ተወሰዱ። በረሃብ የደከመ አካል፣ መከላከያ የሌለው ደም፣ ገና ያልተሠራ ቤት፣ ያልተደራጀ ጤና ጣቢያ ባንድነት በበለስ ሸለቆ ተገናኙ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከገዳዮቹ አንዱ ወባ መሆኑ ግን አያከራክርም። ሐኪም ቤትና የመጠጥ ውኃ በፓዌ የተስፋፋው በኋላ ነበር። ከሰፋሪው ብዙው አምልጦ በእግሩ ወደ ደጋው ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ወገን አለ። ደገኛው ባዶ ነው ብሎ ያሰበው ቆላ ባዶ አልነበረም። ጉሙዙ፣ አኙዋኩ፣ አፋሩና ሌላውም ሕዝብ ይኖርበታል። ቆለኛው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ፣ ከእኩዮቹ ብዙዎቹን ቀብሮ፣ የተረፈው የበሽታውን ኀይል የሚያለዝብ መከላከያ ያገኛል። ደገኛው ይህን ሲያይ ቆለኛውን ከበሽታው ጋር የተዋዋለ አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ የቦታው ፍርሃት የሰው ንቀት ሆነ። ከውርሱ መጣል የሚገባው ክፍል ይህ ነው። ቆለኛውም በበኩሉ ደጋን ይፈራል። ብርዱ ሳንባ ይይዛል፣ ልጅ ይገድላል ይላል፤ ለገበያ ወጥቶ ቶሎ ይመለሳል። በዚህም ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ተረተር ላይና ታች እየኖሩ፣ አንዱ የሌላውን አገር ሲሸሽ ዘመናት አለፉ።

የዛሬው ድንበር

የንዳድ ድንበር ዛሬም እየተንቀሳቀሰ ነው። በደብረ ዘይት አካባቢ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙቀቱ በጨመረባቸው ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታ ይወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሀር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለምትራባ፣ በሽታው የገጠር ቆላ ነው የሚለውን አሳብ አፍርሳለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል።

እንግዲህ የጤና ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ምንድር ነው? አንድ ሕዝብ ወደ አንድ ቦታ አልሄድም ሲል፣ በአንድ ወር አልወርድም፣ በአንድ ሰዓት አላድርም ሲል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት እናሳምነው መሆን የለበትም። ምን አይቶ ነው መሆን አለበት። የሚሰጠው ምክንያት ጋኔን ሊሆን ይችላል፤ ወሩና ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ትክክል ናቸው። በመንገደኛው ሥርዓት ላይ አጎበርና መድኃኒት ቢጨመርበት ኖሮ በሑመራም በበለስም ብዙ መቃብር ባልተቆፈረ ነበር። ቀን አርሶ ማታ ዳገቱን ይወጣ የነበረው ገበሬ ትንኟን ወንጅሎ ባያውቅም፣ ልጆቹን ግን ከእርሷ አድኗል።